የሞዴል መኪና ሾክ ሲያልቅ ምን ይቀየር? ኦሪንግ፣ ዘንግ ወይስ ሙሉው ሾክ

በሪሞት የምትነዳ ሞዴል መኪና ሾክ አብዞርበሯ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ አራቱንም አውልቆ በአልሙኒየም መተካት ነው። ሻጮችም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ሰማያዊ፣ ቀይና ወርቃማ ቀለም የተነከረው አልሙኒየም ሾክ በየድረ ገጹ ሱቅ ላይ ከመለዋወጫው ቀድሞ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኔ ግን አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በአብዛኛው የሚያልቀው ሾኩ ሳይሆን በውስጡ ያሉ ሁለት ሦስት ጥቃቅን ዕቃዎች ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ውሳኔውን የሚወስነው ዘንጉ፣ ማለትም ወደ ሾኩ የሚገባውና የሚወጣው ቀጭን ብረት፣ ነው። ዘንጉ ጤነኛ ከሆነ ሾኩ በጥቂት ገንዘብ ይድናል። ዘንጉ ከተጫረ ደግሞ የቱንም ያህል አዲስ ኦሪንግ (ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ቢገዛለት ዘይቱ መፍሰሱን አይተውም።

ለማነጻጸሪያ የመረጥኳት መኪና ትራክሳስ የተባለው ኩባንያ የሚሠራት ስላሽ ናት፤ ከትልቁ መኪና አንድ አሥረኛ የምታህለውና በኋላ ጎማዎቿ ብቻ የምትገፋው። እ.ኤ.አ. በ2008 ገበያ ላይ ከዋለች ጀምሮ ብዙ እጅ ውስጥ ገብታለች፤ መለዋወጫዋም ቁራጭ በቁራጭ ተነጥሎ ይሸጣል። የምትመጣው አልትራ በሚባሉ የፕላስቲክ ሾኮች ነው። የፊቶቹ ከኋላዎቹ ያጥራሉ፤ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚይዙት ዘይት 30 ቁጥር የሲሊኮን ዘይት ነው። የዚሁ ቤተሰብ ሾኮች፣ በተለያየ ርዝመት፣ በዚያው ኩባንያ ሌሎች መኪናዎች በረስትለር፣ በስታምፒድና በባንዲት ላይም ስለሚገኙ እዚህ የሚነገረው ለእነሱም ያገለግላል። ታሚያ ለተባለው ኩባንያ መኪናዎች፣ ለትናንሾቹ የቻይና መኪናዎችና ለድንጋይ መውጫ መኪናዎች ፍርዱ ስለሚለይ እነሱን ወደ ኋላ ለብቻቸው አያቸዋለሁ።

ከሾኩ ውስጥ የሚያልቀው የቱ ነው?

የሞላው ሥራ መኪናዋን መሸከም ነው። ሞላው ብቻውን ቢሆን ኖሮ መኪናዋ አንድ ጉብታ ካለፈች በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች መንጠሯን አታቆምም ነበር። የሚያረጋጋት ዘይቱ ነው። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ዘንጉ ጫፉ ላይ ያለውን ፒስተን ይዞ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ዘይቱ በፒስተኑ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ተጨንቆ ያልፋል፤ የግፊቱም ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ዘይቱ ጎድሎ አየር ሲተካበት ግን አየሩ በዚያው ቀዳዳ ያለ አንዳች ተቃውሞ ሽው ይላል፤ በዚያች ቅጽበት ሾክ የለም ማለት ነው።

ዘንጉ በሚገባበት በታችኛው አፍ ላይ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው፤ በአንዳንዱ ሾክ ክብ ኦሪንግ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ቢቆረጥ አራት ከንፈር የሚያሳይ ቀለበት። ዘንጉ ወደ ውጭ ሲወጣ በጣም ስስ የሆነ የዘይት ሽፋን ይዞ ይወጣል። አቧራ በዚያ ላይ ይለጠፋል፤ ዘንጉ ሲመለስ አቧራውን ጎማው ዘንድ ያደርሰዋል። ጠጣር የአሸዋ ብናኝ ለስላሳው ጎማ ላይ ተሰክቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ኦሪንጉ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፤ በእያንዳንዷ እንቅስቃሴ ዘንጉን ይሞርደዋል። የተሞረደው ዘንግ ደግሞ በተራው ኦሪንጉን ይበላዋል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ መቀየር ብዙ ጊዜ ገንዘብ መጣል የሚሆነው እርስ በርስ ስለሚጎዳዱ ነው።

ሌላው ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። ፒስተኑ ዙሪያው ይሳሳና ዘይቱ በቀዳዳው ፋንታ በጎኑ ያልፋል። የታችኛው የፕላስቲክ ጫፍ በሚሰካበት ኳስ ላይ ይላላል። ክዳኑ በተደጋጋሚ ከተፈታና ከተጠበቀ፣ ወይም መኪናዋ ከከፍታ ዘላ በአፍንጫዋ ካረፈች፣ ጥርሱ ይበላል። ሞላው ከሁሉም በላይ ዕድሜ አለው፤ ካልተጣመመ ወይም ካልዛገ አይንኩት።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት

መኪናዋን ባትሪዋ እንደተገጠመላት ከጠረጴዛው አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል አንስተው ይልቀቋት። ጤነኛ ሾክ ያላት መኪና አንድ ጊዜ ዝቅ ብላ በእርጋታ ወደ ቁመቷ ትመለሳለች። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረች ወይም አንዱ ጥግ ከሌላው ዘግይቶ ከተነሣ፣ ችግሩ ያለው በዚያ ጥግ ነው። ይህ የት እንደሚፈልጉ ይነግርዎታል እንጂ ምን እንደሚገዙ አይነግርዎትም።

ለመግዛት የሚረዳው ምርመራ ሾኩን ፈትቶ፣ ሞላውን አውጥቶ፣ ዘንጉን በሙሉ ርዝመቱ በመሳብ ይጀምራል። ዘንጉን በነጭ ወረቀት ይጥረጉት። ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ቅባት የጎማው፣ ግራጫው ደግሞ የብረቱ ብናኝ ነው። ከዚያ ዘንጉን ወደ መስኮት ብርሃን ይዘው በቀስታ ያዙሩት። ጤነኛ ዘንግ ብርሃኑን በአንድ ቀጭንና ያልተቆራረጠ መስመር ይመልሳል። በተጎዳው ላይ ግን መስመሩ መሐል ላይ ይደበዝዛል፤ መኪናዋ በተለመደው ቁመቷ ቆማ ስትሄድ ዘንጉ በአብዛኛው በሚመላለስባት ክልል ላይ እንደ መቀነት የዞረ ደብዛዛ ሰቅ ይታያል። ጥፍርዎን በዘንጉ ርዝመት ያንሸራትቱ። ጥፍሩ አንዲት ቦታ ላይ እንኳ ከያዘ ዘንጉ አልቋል፤ ስለ ኦሪንግ ብቻ ማሰቡን ይተዉት።

መጣመሙን ለማወቅ የታችኛውን የፕላስቲክ ጫፍ አውልቀው ዘንጉን በመስተዋት ላይ ያንከባሉ። ቀጥ ያለው ድምፅ ሳያሰማ ይንከባለላል፤ የተጣመመው ከመስተዋቱ ጋር ሲገናኝና ሲለያይ ከሥሩ ብርሃን ብልጭ ይላል። የተጣመመን ዘንግ በፒንሳ አቅንቶ መመለስ አይሠራም፤ ቢቃና እንኳ ኦሪንጉን በአንድ ጎን እየገፋ ይበላዋል።

ዘይቱ ከየት እንደሚወጣም ይመልከቱ። ከታች በዘንጉ ዙሪያ ከሆነ ኦሪንጉና ዘንጉ ናቸው። ከላይ በክዳኑ ጥርስ ዙሪያ ከሆነ ክዳኑ ልል ነው፣ የክዳኑ ማኅተም ተቀዷል፣ ወይም ሲሊንደሩ ተሰንጥቋል። የሲሊንደሩ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በዓይን አይታይም፤ ሾኩን በሳሙና ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ በደረቅ ወረቀት ጠቅልለው ቢያሳድሩት ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይቱ ነጥብ ያለበት ቦታ ይነግርዎታል።

አማራጮቹ ሲነጻጸሩ

ከሁሉ የሚረክሰው ዘይት ብቻ መለወጥ ነው። ዘይቱ ጠቁሮ ከሆነና ፍሳሽ ከሌለ ይህ በቂ ነው። ፍሳሽ ካለ ግን ጥቂት ጊዜ ከነዱ በኋላ ያው ቦታ ይመለሳሉ።

ኦሪንግና ዘይት መለወጥ ቀጣዩ ነው፤ ጥፍር በማይዘው ለስላሳ ዘንግ ላይ ይህን የሚያህል ጥሩ ግዢ የለም። እዚህ ላይ የጎማው ዓይነት ልዩነት ያመጣል። ብዙውን ጊዜ ቀይ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ የሚመጣው የሲሊኮን ኦሪንግ ለስላሳ በመሆኑ ዘንጉን አያጨናንቅም፤ ነገር ግን ቶሎ ይቀደዳል፣ በሲሊኮን ዘይት ውስጥ ሲቆይም ያብጣል። ጥቁሩ የናይትራይል ጎማ ዘንጉን ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ቢይዝም አቧራን የበለጠ ይችላል። ለአስፋልት ውድድር የመጀመሪያውን፣ ለአቧራማ ሜዳ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ ተቀራራቢ ኦሪንግ ፈልጎ መግጠም የሚፈትን ሐሳብ ነው፤ ግን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ሲሰፋ ያፈስሳል፣ ያንኑ ያህል ሲጠብ ደግሞ ሾኩ ይያዛል። ለሾክዎ የተሠራውን ቢገዙ ይሻላል፤ ዋጋውም የሚያስጨንቅ አይደለም።

ሦስተኛው አማራጭ ዘንግ፣ ፒስተንና ኦሪንግ አንድ ላይ መለወጥ ነው፤ የእኔ ምርጫም ይህ ነው። ሲሊንደሩ ካልተሰነጠቀና የክዳኑ ጥርስ ካልተበላ በስተቀር ከዚህ በኋላ በእጅዎ ያለው ሾክ በሥራው ከአዲስ አይለይም፤ ያወጡት ግን አራት አልሙኒየም ሾክ ከሚጠይቀው እጅግ ያነሰ ነው። ዘንግ ሲገዙ ሁለት ዓይነት ያጋጥምዎታል፦ ተራው የተወለወለ ብረትና በቲታኒየም ናይትራይድ የተሸፈነው ወርቃማው። ወርቃማው ሽፋን ለጌጥ አይደለም፤ ከተራው ብረት እጅግ የጠነከረ ስለሆነ የአሸዋ ብናኝ በቀላሉ አይጭረውም። ደረቅ አፈር ላይ የሚነዳ ሰው ለመኪናዋ አንድ ማሻሻያ ብቻ ልግዛ ቢለኝ፣ ከባለ ቀለሙ አልሙኒየም ሾክ በፊት ይህንን ዘንግ እለዋለሁ። ውጤቱን በዓይን ለማየት ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ሌላው ሰው ሾኩን ሲፈታ እርስዎ እየነዱ ይሆናል።

ሙሉውን የፕላስቲክ ሾክ መለወጥ መቼ ይሻላል? ሲሊንደሩ ሲሰነጠቅ፣ ውስጡ በቁመት ሲጫር፣ ወይም ከአንድ በላይ ዕቃ አብሮ ሲያልቅ። ዘንግ፣ ፒስተን፣ ክዳንና የታች ጫፍ ለየብቻ ተገዝተው ዋጋቸው ሲደመር ከተሰበሰበው ሾክ የሚበልጥበት ጊዜ ስላለ፣ ከመክፈልዎ በፊት ሁለቱን ደምረው ያወዳድሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው፣ አዲስ ሾክ ተገጣጥሞ ቢመጣም ውስጡ ዘይት መኖሩና መጠኑ ትክክል መሆኑ መረጋገጥ እንዳለበት ነው፤ ከማሸጊያው አውጥቶ በቀጥታ መግጠም አይበቃም።

ፕላስቲክን አትናቁት የምለው በምክንያት ነው። ፕላስቲክ ይተጣጠፋል። መኪናዋ ከከፍታ ወድቃ ስትመታ የፕላስቲኩ ክዳን ተፈናጥሮ ይወጣል፣ ዘይቱ ይፈስሳል፣ ያሳዝናል፤ ጉዳቱ ግን እዚያው ላይ ይቆማል። አልሙኒየሙ አይፈናጠርም፤ ምቱን ጎማውን ወደሚይዘው የታችኛው ክንድ ወይም ሾኩ ከላይ ወደሚታሰርበት ሰሌዳ ያስተላልፈዋል። የክዳን መፈናጠር የሚያስቸግርዎ ከሆነ ደግሞ መካከለኛ መንገድ አለ፦ ለፕላስቲኩ አልትራ ሾክ የሚሆን የአልሙኒየም ክዳን ለብቻው ይሸጣል። እሱን ሲያጠብቁ እጅዎ ይለዝብ፤ ከዚያ በኋላ ደካማው ወገን የሲሊንደሩ የፕላስቲክ ጥርስ ነው።

አልሙኒየም የሚገባው ለማን ነው?

ይህን ሁሉ ስል አልሙኒየም ሾክ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። አሶሺየትድ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣት ዝነኛዋ አርሲ10 ያኔውኑ ዘይት የሚይዝ አልሙኒየም ሾክ ነበራት፤ የውድድር ሰዎችም ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ አልተመለሱም። ሲሊንደሩ በሙቀት አይለሰልስም፣ ቅርጹን ይጠብቃል፣ ውስጡም ይበልጥ የተስተካከለ ስለሆነ ፒስተኑ በቁመቱ ሁሉ እኩል ይሠራል። በውጭው ላይ ባለው ጥርስ የሚሽከረከረው ቀለበት የሞላውን ጫና በጥቂት በጥቂቱ ለማስተካከል ያስችላል፤ በፕላስቲኩ ላይ ይህ የሚደረገው የተወሰነ ውፍረት ያላቸውን ቅንጥቦች በመጨመርና በመቀነስ ነው። የትራክሳስ ቢግ ቦር ሾክ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ሆዱ ሰፊ ነው፤ ብዙ ዘይት ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ ሲነዳ ባሕርዩ ቶሎ አይለወጥም። ከዚያ በላይ የሚገኘው የዚያው ኩባንያ ጂ ቲ አር ሾክ ነው።

እንግዲህ በፍጥነት የሚነዱ፣ ከትላልቅ ጉብታዎች የሚዘሉ፣ የባትሪውን ኃይል ያሳደጉና ሾካቸውን በየጊዜው ለመፍታት የማይሰንፉ ሰዎች የፋብሪካውን አልሙኒየም ቢገዙ ገንዘባቸው አልባከነም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ሜዳ ላይ ለሚነዱ ግን ልዩነቱ ከመልክ ብዙም አያልፍም። አልሙኒየሙም እኮ ኦሪንግ አለው፣ ዘንግ አለው፤ አቧራው አይምረውም።

የረከሰው አልሙኒየም ሌላ ጉዳይ ነው። አራት ሾክ በአንድ የፋብሪካ ሾክ ዋጋ የሚያቀርቡ ሻጮች አሉ። ከእነዚህ መካከል ደህናዎቹ የሉም አልልም፤ ነገር ግን ሲገዙ የሚያዩት ሲሊንደሩን ነው፣ ሥራውን የሚሠሩት ደግሞ የማይታዩት ፒስተንና ኦሪንግ ናቸው። ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ሲወዛወዝ ዘይቱ በጎኑ ይሾልካል፤ የሚወፍር ዘይት ቢቀዳበት እንኳ ብዙ አይሻሻልም። ሞላው ብዙ ጊዜ ለመኪናዋ ክብደት ከሚገባው በላይ ይጠነክራል፤ መኪናዋ ጠጠር ላይ በጎማዋ ከመቆም ይልቅ ትዘላለች። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን መለዋወጫው ነው። የረከሰው ሾክ ኦሪንግ ሲያልቅ ልኩን የሚያውቅልዎ የለም፤ ሻጩ ያንኑ ዕቃ መሸጥ አቁሞ ይሆናል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ብቻ ይመልከቱ፦ ለዚያ ሾክ ዘንግና ኦሪንግ ለብቻው ይሸጣል ወይ? ካልተሸጠ አይግዙት።

ዘይቱ

ዘይት ለመምረጥ ሰዎችን የሚያደናግረው ቁጥሩ ነው። አንዳንዱ ጠርሙስ 30፣ 35፣ 40 ይላል፤ ሌላው 350፣ 425፣ 500 ይላል። የመጀመሪያው የአምራቹ የራሱ የውፍረት ደረጃ ነው፤ ሁለተኛው ሴንቲስቶክ የሚባለው የውፍረት መለኪያ ነው። በአሶሺየትድ መለኪያ 30 ቁጥር 350 ሴንቲስቶክ፣ 35 ቁጥር 425፣ 40 ቁጥር ደግሞ 500 ነው። የሌላ ኩባንያ 30 ግን የግድ 350 ላይሆን ይችላል። ከኩባንያ ወደ ኩባንያ ሲሻገሩ ሴንቲስቶኩን ያነጻጽሩ፤ ሌላውን ቁጥር አይመኑ።

ዜሮዎቹንም ይቁጠሩ። ለዲፈረንሻል የሚሆነው የሲሊኮን ዘይት በተመሳሳይ ጠርሙስና በተመሳሳይ ጽሑፍ ይሸጣል፤ ውፍረቱ ግን ብዙ ሺህ ሴንቲስቶክ ነው። 500 ያለበትን ትቶ 5000 ያለበትን የቀዳ ሰው ዘንጉ ከማር ውስጥ የተተከለ ያህል አልንቀሳቀስ ይለዋል።

የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይትና የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ለዚህ ሥራ አይሆኑም። የሞተር ሳይክል የፊት ሹካ ዘይትም፣ ስሙና ቁጥሩ ቢያሳስትም፣ አይተካውም፤ የቁጥሩ ትርጉም ሌላ ነው፣ ዘይቱም ከነዳጅ የሚወጣ በመሆኑ የሲሊኮን ጎማን ያሳብጣል፣ ሲሞቅም ከሲሊኮን ዘይት ይልቅ በፍጥነት ይቀጥናል። የሲሊኮን ዘይት የተመረጠው ሙቀትና ቅዝቃዜ ባሕርዩን ብዙ ስለማይለውጡት ነው። ብዙ አይለውጡትም ማለት ግን ጨርሶ አይለውጡትም ማለት አይደለም። በዱባይ ወይም በሪያድ የበጋ ሙቀት የሚነዳ ሰው በ30 ፋንታ 35 ቢቀዳ ልክ ነው፤ በአዲስ አበባ የማለዳ ብርድ የሚነዳ ግን ፋብሪካው በሰጠው ቁጥር ይቆይ።

መኪናዋ ከዝላይ ስታርፍ ሆዷ መሬት የሚመታ ከሆነ አንድ ደረጃ ያወፍሩ። ጠጠር ላይ ጎማዎቿ መሬቱን እየለቀቁ የሚንጫጩ ከሆነ አንድ ደረጃ ያቅጥኑ። ፊትና ኋላ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ ግራና ቀኝ ግን ሁልጊዜ አንድ መሆን አለባቸው። ከላይ ያለውን ምርጫ ሁሉ በጥንድ ያድርጉት የምለውም ለዚህ ነው፦ አንዱ የፊት ሾክ ካለቀ ሁለቱም የፊት ሾኮች ይሠራሉ።

ዕቃውን ከውጭ ሲያስመጡ

ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አንባቢ ይህ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው። ይህ ምርጫውን ይለውጠዋል። ሰው አስቸግሮ አራት ኦሪንግ ብቻ ማስመጣት አያዋጣም፤ የሁለት ጥንድ ዘንግ፣ የሁለት ዙር ኦሪንግ፣ የታች ጫፎችና አንድ ጠርሙስ ዘይት አንድ ላይ ይዘዙ፤ ሁሉም ተደምሮ ከእጅ መዳፍ አያልፍም። የሾክ ዘይት ጠርሙስ በአብዛኛው 60 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ከሚፈቀደው 100 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ ያም ሆኖ በሚዘጋ ላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ትልቁ ሻንጣ ቢገባ መንገደኛውን ከጥያቄ ያድነዋል። ለሚያመጣልዎ ሰው የመኪናዋን ስም ብቻ ሰጥተው አይላኩት። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መመሪያ ሾኩን በታትኖ የሚያሳይ ሥዕል አለው፤ ከሥዕሉ ላይ የእያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ገልብጠው ይላኩለት። መመሪያው ከጠፋ የዘንጉን ውፍረትና ርዝመት በካሊፐር ለክተው ከፎቶው ጋር ይላኩ። አንድ አሥረኛ በሆኑ መኪናዎች ላይ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ 3 ወይም 3.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱን በዓይን መለየት ስለማይቻል መለካት ግድ ነው።

ሲገጥሙ

አዲስ ዘንግ ከሚበላሽባቸው መንገዶች አንዱ በመግጠሚያው ሰዓት በፒንሳ መያዙ ነው። የታችኛው ፕላስቲክ ጫፍ በዘንጉ ጥርስ ላይ ሲጠመዘዝ ይጠብቃል፣ ዘንጉም አብሮ ይዞራል፤ ትዕግሥት ያለቀበት እጅ ፒንሳ ያነሣል። የፒንሳው ጥርስ የሚተወው ጭረት ከአንድ ዓመት አቧራ ይከፋል። ዘንጉን በወፍራም የቆዳ ቁራጭ ወይም በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅልለው ይያዙት፤ ያውም ከተቻለ ኦሪንጉ በማይደርስበት ጫፉ በኩል።

ሁለተኛው አደጋ የዘንጉ ጥርስ አዲሱን ኦሪንግ ሲያልፍ መቁረጡ ነው። ጥርሱን በስስ ላስቲክ ሸፍነው፣ ላስቲኩንም ኦሪንጉንም በሾክ ዘይት አርሰው፣ ዘንጉን እያዞሩ ያሳልፉት። አሶሺየትድ ለዚሁ የሚሆን አረንጓዴ ቅባት ይሸጣል፤ ከሌለ የራሱ የሾኩ ዘይት ይበቃል። የመኪና ግሪስ ግን አይቀቡት።

ዘይቱን ሲሞሉ ፒስተኑን ወደ ታች ስበው፣ እስከ አፉ ሞልተው፣ ዘንጉን በጣም በቀስታ ያመላልሱት፤ አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ያስቀምጡት። መቸኮል የሚያስከፍለው እዚህ ነው፤ የቀረች አረፋ ግራና ቀኝ ሾኮችን ትለያቸዋለች። ክዳኑን ሲጀምሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ያዙሩት፤ ጥርሱ በጥርሱ ውስጥ ጠቅ ብሎ ሲወድቅ ይሰማዎታል፣ ያኔ ወደ ፊት ያዙሩ። ይህ በተለይ ለአልሙኒየም ክዳን ያስፈልጋል። ሁለቱን ሾኮች ጎን ለጎን አቁመው ዘንጎቹን እኩል ሲጫኑና ሲለቁ እኩል ከተመለሱ ሥራው ተጠናቋል፤ አንዱ ከቀደመ ዘይታቸው እኩል አይደለም።

ለሌሎች መኪናዎች

ታሚያ ቲቲ-02 ያለዎት ከሆነ ጥያቄው ይለያል። መደበኛው የዚህች መኪና ሳጥን የሚይዘው ዘይት የሌለው፣ በፍትጊያ ብቻ የሚሠራ ሾክ ነው። ይህ ሲያልቅ ያንኑ መልሶ መግዛት አይመከርም፤ ሲ ቪ ኤ የሚባለውን የታሚያን የራሱን የፕላስቲክ ዘይት ሾክ ይግዙ። ክዳኑ ሥር ትንሽ የጎማ ዲያፍራም አለው፤ ዘንጉ ሲገባ ለሚገፋው ዘይት ቦታ የሚሰጠው እሱ ነው፤ በኋላ ሲጠግኑት ዲያፍራሙን አብረው ይመልከቱ። በአስፋልት ላይ ከፍትጊያ ሾክ ወደ ሲ ቪ ኤ መሄድ የሚያመጣው ለውጥ ከሲ ቪ ኤ ወደ ውዱ አልሙኒየም መሄድ ከሚያመጣው እጅግ ይበልጣል።

እንደ ደብሊው ኤል ቶይስ 144001 ላሉት፣ አንድ አሥራ አራተኛ ለሆኑ የቻይና መኪናዎች ደግሞ ከላይ የተናገርኩት ይገለበጣል። ሙሉው ሾክ በራሱ ርካሽ ነው፤ ውስጡን ቁራጭ በቁራጭ መፈለግ ልፋቱ አይመጥነውም። ሙሉ ሾኮችን በጥንድ ይግዙ፤ ከመግጠምዎ በፊት ግን ክዳናቸውን ከፍተው ዘይቱን ይሙሉ፤ ጎዶሎ ሆነው የሚመጡበት ጊዜ አለና። አሮጌዎቹንም አይጣሉ፤ ክዳናቸውና ሞላቸው ነገ ይፈለጋል።

ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ለሚወጡ መኪናዎች፣ ለምሳሌ ለአክሲያል ኤስሲኤክስ10 ዓይነቶቹ፣ ርካሹን አልሙኒየም ያለ ስጋት እመክራለሁ። በዚያ ፍጥነት የዘይቱ ሥራ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ቢያፈስስም መኪናዋ አትጎዳም፤ አልሙኒየሙም ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ፕላስቲኩ የማይችለውን ይችላል። የእነዚህ ሾኮች ልክ በሚሊ ሜትር ነው የሚጠራው፦ 90፣ 100፣ 110። የሚለካውም ዘንጉ በሙሉ ወጥቶ ሳለ ከላይኛው ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ቀዳዳ መሐል ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለክቶ ያዘዘ ሰው መኪናዋን ከሚገባት በላይ ከፍ የሚያደርግ፣ ስትዞር የሚገለብጣት ሾክ ይደርሰዋል።